የሲስተር ታደለች የቃጫ ክር

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰውን ያየሁት በመስኮት ነው፤ ያውም ክንድ በማትሞላ መስኮት። በመድኃኒት ቤት መስኮት የሚገባው እጅና ወረቀት ነው፣ ጎንበስ ሲሉ ደግሞ ግማሽ ፊት። እኔ ግን ከግማሽ ፊት ብዙ አነባለሁ። ወባ የያዘው መስኮቱን ደገፍ ይላል። ጥርሱን ያመመው ወረቀቱን ወርውሮ ጉንጩን ይይዛል። ማይግሬን ያለበት ሰው ግን ፊቱን ከፀሐይ ያዞራል፣ አንድ ዓይኑን በመዳፉ ይሸፍናል፣ ስሙን ስትጠራው «ቀስ በል» እንደማለት እጁን ያነሳል። እሱን ሳይ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ይህን ያስተማሩኝ ሲስተር ታደለች ናቸው። የጡረታ ደብዳቤዬን ተቀብዬ ስለ ሥራ ዘመኔ ልጽፍ ስቀመጥም ቀድመው የመጡልኝ እሳቸው ናቸው።

የሶዶ ልጅ ነኝ። አያቴ ከሰሜን በጸሐፊነት መጥቶ የቀረ ነው፤ እናቴ ደግሞ የወላይታ ልጅ። ስለዚህ በአማርኛ ተቆጥቼ በወላይትኛ እታረቃለሁ። እናቴ በወር አንዴም ሁለቴም ራሷን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ ጓዳ ትተኛ ነበር። ጎረቤቶቻችን «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ ይጨምቁላታል፤ አንዷማ ግንባሯን በምላጭ በጥታት ምልክቱ እስከ ዕለተ ሞቷ አልጠፋም። አባቴ «ይቺ ሴት ገበያ ቀን ሲሆን ነው የሚነሳባት» እያለ ያሾፍ ነበር። ልክ ነበር እኮ! ገበያ ቀን ቁርስ ሳትቀምስ በፀሐይ ትወጣለች፣ እህል ባፏ ሳይዞር ትመለሳለች። ምክንያቱን በዓይኑ እያየ ስንፍና አለው። እኔንም ከጉርምስናዬ ጀምሮ አልፎ አልፎ ቀኝ ጎን ራሴን ይፈልጠኛል። መሬቱን ወንድሜ ወረሰ፣ ራስ ምታቱ ለእኔ ደረሰ።

ወደ ሙያው የገባሁት ዘግይቼ ነው። የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ በንብረት ክፍል የምሠራበት የመንግሥት እርሻ ፈረሰና በሠላሳ ምናምን ዓመቴ ደብተር ይዤ ከልጆች ጋር ተቀመጥኩ። የመድኃኒት ቴክኒሻን ሆኜ ስወጣ ወደ ሁምቦ፣ አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ መደቡኝ። ያኔ ዞናችን ሰሜን ኦሞ ይባል ስለነበር መድኃኒት ለመቀበል አርባ ምንጭ ድረስ እንወርዳለን። የሞላሁት የዕቃ መጠየቂያና ማውጫ ቅጽ፣ ሞዴል ሃያና ሞዴል ሃያ ሁለት፣ ቢከመር ቤት ይወጣዋል። ስለ ደሞዙ ዝም ልበል፤ ሟች አይወቀስም።

ሁምቦ ሙቀቷ ሌላ ነው። ያኔ ተራራዎቹ ዛሬ እንደምታዩት ዛፍ አልለበሱም፤ ራሰ በራ ነበሩ። ከግቢያችን ቆርቆሮ ላይ የሚነሳው ብርሃን ዓይን ይወጋል። በመጀመሪያ ቀኔ መስኮቱን ከፍቼ፣ እርሻው መጋዘን ውስጥ ጫኝና አውራጅ በምጠራበት ጉሮሮ የበሽተኛ ስም መጥራት ጀመርኩ። ሦስተኛው ስም ላይ አንድ እጅ ትከሻዬን ነካኝ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሲስተር ታደለች ነበሩ፤ አርባዎቹን ያጋመሱ ቀጭን የወላይታ ዳሞት ሴት፣ ጫማቸው ባለ ጎማ ሶል ስለሆነ ሲመጡ አይሰሙም።

«ዳዊት» አሉኝ፤ «ያቺ ከግድግዳው ሥር ያለችው ሴት ራሷን ነው ያመማት። አንተ ደግሞ በመዶሻ እየመታሃት ነው።»

ዘወር ብዬ ሳይ ሴትየዋ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጥላ ተኮራምታለች። ሲስተር አልጠበቁኝም፤ ክንዷን ይዘው ድሮ የአንሶላ ማስቀመጫ ወደነበረው ክፍል ወሰዷት። መስኮቱ በጆንያ ተሸፍኗል፣ ውስጡ አንድ አግዳሚ፣ አንድ ባልዲ ውሃ፣ አንድ ጨርቅ አለ። ሽቶ ተቀብቶ ወደዚያ ክፍል መግባት ክልክል ነው፤ እሳቸውም በሕይወታቸው ሽቶ ተቀብተው አያውቁም። ከጋዋናቸው ኪስ የበቆሎ ቆሎ አይጠፋም። በሽተኛውን መጀመሪያ የሚጠይቁት «የት ላይ ነው የሚያምሽ?» ብለው ሳይሆን «ከትናንት ጀምሮ ምን በላሽ?» ብለው ነው። ሁምቦ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ ዓይኗን ሰብራ ዝም የምትል እናት ብዙ ነበረች፤ ለልጆቹ ከደረሰ ለእሷ አይተርፍም። ያኔ ሲስተር ከኪሳቸው ይዘግኑላታል።

በሽታው ከየት እንደሚመጣ ያስረዱኝ የነበረው በራሳቸው መንገድ ነው። «የእነዚህ ሰዎች ጭንቅላት» ይሉኝ ነበር፣ «እንቅልፍ እንደሌለው ውሻ ነው። ሌባ ሲመጣ ይጮኻል፣ ቅጠል ስትወድቅም ይጮኻል። ውሻው አልታመመም፤ ከመጠን በላይ ነቅቷል።» ቅጠሉ ምንድነው? የተዘለለ ምግብ፣ የጎደለ ወይም የተረፈ እንቅልፍ፣ ኃይለኛ ፀሐይ፣ ሽታ፣ ለሴቶች የወር አበባ፣ አንዳንዴም ከጭንቀት በኋላ የሚመጣ ዕረፍት። እኔ ተማሪ ቤት የተነገረኝ የራስ ደም ሥር ጠብቦ ሲሰፋ ያማል የሚል ብቻ ነበር። ከዓመታት በኋላ ሶዶ ላይ በወሰድኩት ሥልጠና ደግሞ ነገሩ ከደም ሥሩ በፊት ከአንጎልና ከፊት ነርቭ እንደሚነሳ፣ ነርቩ ሲቆጣ በአንጎል ሽፋን ዙሪያ የሚያስቆጣ ፈሳሽ እንደሚረጭ፣ የደም ሥሩ መስፋት ተከታይ እንጂ መሪ እንዳልሆነ አሠልጣኙ በሥዕል አሳየን። ከሕመሙ በፊት የሚመጣው ማዛጋት፣ ያንገት መገተር፣ አንዳንዱ ሰው ዓይን ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ የሚብለጨለጨው ብርሃን፣ ሁሉም የዚያው የነርቭ ግርግር ምልክት ነው። በልቤ «የሲስተር ውሻ» አልኩ። ያለ ሥዕል ደርሰውበት ነበር።

መድኃኒቱ ያኔ ብዙ አልነበረም። መደርደሪያዬ ላይ አስፕሪን፣ ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን አለ፤ ሲጀምር ወዲያው ከምግብ ጋር ከተዋጡ የብዙ ሰው ሕመም ያስታግሳሉ፣ ሕመሙ ከበረታ በኋላ ግን ሆድ ራሱ ሥራ ያቆማልና ክኒኑ እዚያው ይቀመጣል። ለዚህም ሜቶክሎፕራማይድ አለን፤ ማስታወክን ይገታል፣ ሆድን ያንቀሳቅሳል። ቶሎ ቶሎ ለሚነሳበት ሰው መከላከያ የሚሆኑ ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን አሉ። የመጀመሪያው አስም ላለበት አይሰጥም፤ ሁለተኛው በትንሹ ማታ ይወሰዳል፣ አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ያመጣል። ከሁሉም በላይ ሰው የሚፈልጋት ግን ኤርጎታሚን ነበረች። እህል ላይ ከሚበቅል ሻጋታ የተገኘች፣ ከካፌይን ጋር የተቀመመች ትንሽ ክኒን። የሰፋውን ደም ሥር ታጠብበዋለች። ችግሩ የራስ የትኛው፣ የጣት የትኛው እንደሆነ አትለይም። ለነፍሰ ጡር፣ ለልብና ለደም ግፊት ሕመምተኛ አትሰጥም፤ ለጤነኛውም በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ አትፈቀድም። አዲስ አበባ የተሻሉ አዳዲስ ክኒኖች መጥተዋል ሲባል ሰምተናል፤ ሁምቦ ግን አልደረሱም።

አሁን ወደ ቃጫው ልምጣ። ሲስተር ራስ ምታት ለሚመላለስበት ሰው ሁሉ ከክኒኑ ጋር ክንድ የሚያህል የቃጫ ክር ይሰጣሉ። የቀን መቁጠሪያ የሌለበት የወላይታ ቤት ብዙ ነው፤ እንሰት ያለበት ቤት ግን ቃጫ አያጣም። ክኒን የዋጥክበት ቀን አንድ ቋጠሮ። ወሩ ሲያልቅ ክሩን ይዘህ ትመጣለህ፤ በመሐል ክኒን ልትወስድ ብትመጣ ደግሞ እኔ በመስኮቱ «በዚህ ወር ስንተኛህ ነው?» እንድልህ አዘውኛል። ሲስተር ዓይናቸውን ጨፍነው ክሩን በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መካከል ይስቡታል፣ ከንፈራቸው ይቆጥራል። ቋጠሮው አሥር ከሞላ ክኒን የለም፤ ወንበር ይሰጥሃል፣ ወሬ ይጀመራል። ራስ ምታትን የሚያስታግስ ክኒን ሲበዛ ራሱ ራስ ምታት እንደሚያመጣ እኔ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም ነበር።

በዓይኔ ያየሁት በአንዲት ቅቤ ነጋዴ ነው። ቅቤ ትነግዳለች፣ የቅቤ ሽታ ያማታል፤ ከዚህ የከፋ ዕጣ አለ? ክሯን ስታመጣ ቋጠሮ እንጂ ክር አይታይም ነበር። የእኛን ስትጨርስ በየቀኑ ከመንደሩ ባለሱቅ ከከድር አስፕሪን ትገዛለች። ሲስተር ሁሉንም አስቆሟት። በሦስተኛው ቀን ሴትየዋ «ልትገድይኝ ነው!» ብላ በወላይትኛ ስትረግማቸው ጆሮዬ ሰምቷል። እሳቸው ባልዲውን ይዘውላት ጨርቅ እየነከሩ፣ ማታ ማታ አሚትሪፕቲሊን እየሰጡ፣ ሳይቀየሙ ሰነበቱ። ከሁለት ወር በኋላ ክሯ ላይ ሦስት ቋጠሮ ብቻ ነበር። በጊፋታ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ በዓል፣ ቅቤ ይዛ መጣች። ሲስተር ተቀብለው ወዲያው ለእኔ አሳለፉት፣ «ሽታው ያመኛል» ብለው። እሳቸውም የዚያ በሽታ ልጅ መሆናቸውን ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ከድር አባቱ ከስልጤ መጥቶ ሱቅ የከፈተ፣ ጨዋታ አዋቂ ነጋዴ ነው። ክኒን ከጨውና ከሳሙና ጋር በፍሬ ይሸጣል። እኔ ብሆን በወረዳ አስከስሰው ነበር። ሲስተር ግን ሄደው ስኳር ገዙና ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ስለ ቅቤ ነጋዴዋ አጫወቱት። በሳምንቱ ከድር የቃጫ ዘለላ ከሚዛኑ አጠገብ ሰቅሎ አገኘሁት። «ክርሽ የታለ?» ሳይል ክኒን አይሰጥም ሆነ። ሰው እንደሸሸበት ለእኔ ያማርራል፣ መጠየቁን ግን አልተወም። ሲስተር እንዲህ ነበሩ፤ ሰውን ሳይቆጡ የራሳቸው ያደርጉታል።

እስካሁን እየተሳሳቅን መጣን። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ለሃያ ዓመት ያህል ለማንም በሙሉ አልተናገርኩትም።

ዞናችን ለብቻው ወላይታ ከተባለ በኋላ ዝናብ የጠፋበት ክፉ ዓመት መጣ። ሁምቦ በቆሎው በቁሙ ደረቀ። ግቢያችን ሰውነታቸው ባለቀ ሕፃናት ሞላ፣ ከላዩ ደግሞ ወባ ተነሳ። ሲስተር ቁርስ አይበሉም፣ ምሳ ይረሳሉ፣ ኪሳቸው ያለውን ቆሎ ለሰው ይሰጡታል፣ እንቅልፋቸው ሦስት አራት ሰዓት ቢሆን ነው። ውሻው እንዴት አይጮኽ! መጀመሪያ በሳምንት አንዴ ወደ መስኮቴ ጎንበስ ብለው «ዳዊት፣ ያቺን ሁለት ስጠኝ» ይሉኝ ነበር፤ ኤርጎታሚኗን ማለታቸው ነው። ቀጥሎ በሦስት ቀን። ቀጥሎ በየቀኑ። እኔም ቆጥሬ እሰጣለሁ፣ መዝገቤ ላይ «ለሠራተኛ» ብዬ እጽፋለሁ።

ለማን ጥያቄ አልጠየቅኩም በዚያ መስኮት? ለሽማግሌ፣ ለቄስ፣ ለፓስተር፣ ለፖሊስ። ጥያቄውን ያስተማሩኝን ሴት ግን «በዚህ ወር ስንተኛዎ ነው?» ማለት አፌ አልቻለም። ማን ነኝ እኔ? እሳቸው ኃላፊዬ፣ እሳቸው አስተማሪዬ። እሳቸው የማያውቁትን እኔ ላሳውቃቸው? ይሉኝታ ያዘኝ። በዚያ ሙቀት የሱፍ ካልሲ ሲያደርጉ አይቻለሁ። የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጃቸው አቅፈው ሳይጠጡ ሲቆዩ አይቻለሁ፤ «ሲስተርን ብርድ ብርድ ይላቸዋል» ብዬ ለጽዳት ሠራተኛዋ ተናግሬያለሁ። አንድ ሳምንት ሳል ያዛቸውና ጤና መኮንኑ ኤሪትሮማይሲን ጻፈላቸው። ያንንም እኔው ሰጠሁ፤ በዚያው መስኮት፣ በዚያው እጅ፣ ከኤርጎታሚኗ ጋር። ሁለቱ ባንድ ላይ እንደማይወሰዱ፣ አንዱ የሌላውን ጉልበት እንደሚያበዛ መጽሐፌ ላይ ተጽፏል። አንብቤዋለሁ፣ አስምሬበትም ነበር።

ኤሪትሮማይሲኑን በጀመሩ በአምስተኛው ቀን ጠዋት ተቅማጥ ያደረቀው ሕፃን መጣ። ሲስተር ደም ሥር በማግኘት በወረዳው አቻ የላቸውም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ነው የሚያገኙት። የልጁን ክንድ ያዙ፣ ዳበሱ፣ ቆሙ። እንደገና ዳበሱ። የልጁ እናት እሳቸውን ታያለች፣ እኔ ግሉኮሱን ይዤ ቆሜያለሁ። ሲስተር መርፌውን አጠገባቸው ለነበረው ነርስ ሰጡትና ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ እንዲህ አሉኝ፦

«ጣቴ አይነግረኝም።»

ነርሱ በሁለተኛ ሙከራው አገኘው፣ ልጁም ተረፈ። እኔ ግን የሲስተርን እጅ አየሁ። የጣቶቹ ጫፍ አመድ መስሏል፤ ብነካው በዚያ ሙቀት በረዶ ነበር። ሮጬ መዝገቤን ገለጥኩ። «ለሠራተኛ»፣ «ለሠራተኛ»፣ «ለሠራተኛ»፣ ገጹ ሙሉ የእኔ ጽሕፈት። ክኒኗ የጣቶቻቸውን ደም ሥር አጥብባው ነበር፤ መዝገቡን በብብቴ ይዤ ወጣሁ።

መኪና ለምነን ወደ ሶዶ ወሰድናቸው። መዝገቡን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ ወጣት ሐኪም ምን ሲወስዱ እንደቆዩ ጠየቃቸው። እሳቸው ሳይመልሱ «እኔ ነኝ የሰጠኋቸው» ብዬ መዝገቡን ዘረጋሁለት። አነበበ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣኝ በወደድኩ። «ጠይቀሃቸው ነበር?» ብቻ አለኝ።

ጣቶቻቸው ተረፉ። የቀኝ እጃቸው አውራ ጣትና ሌባ ጣት ግን ስሜታቸው አልተመለሰም፤ ክሩን የሚስቡባቸው፣ ደም ሥር የሚያገኙባቸው ሁለቱ ጣቶች። ያለ ጊዜያቸው ሥራ ለቀው ሶዶ፣ እህታቸው ቤት ጓሮ ያለች አንዲት ክፍል ገቡ። እኔ ለአንድ ወር ያህል ፊታቸው መቅረብ አቃተኝ። አንድ ቅዳሜ ግን ቦይና የሚሉትን የወላይታ ጎደሬ በዘንቢል ይዤ ሄድኩና በራቸው ላይ ቆሜ ያዘጋጀሁትን ንግግር ሁሉ ረሳሁት። «ሲስተር፣ መጠየቅ ነበረብኝ» ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

እስኪወጣልኝ ጠበቁኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«እንደ ቅቤ ነጋዴዋ ብታየኝ ኖሮ እድን ነበር። አከበርከኝና ጎዳኸኝ።» ደግሞ ጨመሩ። «እኔም መከበሩ ጣመኝ፤ ለራሴ ክር አልቆረጥኩም። ጥፋቱ የሁለታችን ነው፣ ብቻህን አትሸከመው። በል ግባ፣ ቃጫ እዚያ ጥግ አለ።»

ክር ቆረጥኩላቸው። መቋጠር ሞከሩ፤ ጣታቸው ክሩ መያዝ አለመያዙን ስለማያውቅ ሦስቴ ወደቀባቸው። መጨረሻ ላይ ተስማማን። ክኒን በዋጡበት ቀን አንድ የበቆሎ ፍሬ ብርጭቆ ውስጥ ይጥላሉ፣ ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ እኔ መጥቼ ፍሬዎቹን ቆጥሬ እቋጥራለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀረሁበት ቅዳሜ በጣት ይቆጠራል። ቤተሰቤ «ደሞ ዛሬም ለሲስተር?» ይለኛል፤ አዎ፣ ዛሬም ለሲስተር። በሰዓቱ ሲበሉ፣ ሲተኙ፣ ማታ ማታ ትንሿን አሚትሪፕቲሊን ሲወስዱ፣ ፍሬዎቹ እየቀነሱ ሄዱ። አንዳንዱ ወር ብርጭቆው ባዶ ሆኖ ይጠብቀኝ ነበር። ባዶ ብርጭቆ እንደዚያ ደስ ይላል ብሎ ማን ያምናል።

እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ማንንም ማለፍ ተውኩ። ወደ ሶዶ ተዛውሬ ስሠራ አንድ ትልቅ ኃላፊ በጓሮ በር ገብቶ «ያቺን የራስ ምታት ስጠኝ» አለኝ። በዚህ ወር ስንተኛው እንደሆነ ጠየቅኩት። ማንን እንደማናግር አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። አውቃለሁ፣ ለዚህ ነው የምጠይቀው አልኩትና ክር ቆርጬ ሰጠሁት። ጊዜው ቢፒአር የሚባለው የመሥሪያ ቤቶች የአሠራር ለውጥ የተጧጧፈበት ስለነበር በሁለተኛው ወር «ለሥራ ቅልጥፍና» ተብሎ ወደ ቦዲቲ ተወረወርኩ። ቦዲቲ ክፉ አይደለችም፤ አውቶቡሱ ባጃጁ አለ፣ ቅዳሜ ሶዶ ለመድረስም ቅርብ ነች። ዓመት አልፎ ያ ሰውዬ በሹፌሩ የታሸገ ፖስታ ላከልኝ። «ደግሞ የምን ደብዳቤ?» እያልኩ ስከፍተው ክር ነው፤ ዘጠኝ ቋጠሮ ያለው። ምንም ጽሑፍ የለውም። ብቻዬን ሳቅኩ።

የመጨረሻዎቹን ዓመታት እንደገና ሶዶ ሠራሁ። ማርታ የምትባል ወጣት ፋርማሲስት አብራኝ ተመደበች፤ በዲግሪ ትበልጠኛለች፣ እሷ ግን እንደ አባት አየችኝ። ጥያቄውንም ክሩንም አስተማርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፣ በኋላ ለክሩ የራሷን ምስማር ግድግዳው ላይ መታች። ስወጣ ጋቢ አለበሱኝ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ ማርታ ንግግር ጀምራ መሐል ላይ እንባዋ አቋረጣት።

ጡረታ ለማይግሬን መጥፎ ነገር ነው፤ ይህን ማንም አልነገረኝም። ለሃያ ስድስት ዓመት በተወሰነ ሰዓት ተነስቶ በተወሰነ ሰዓት የበላ ሰው ድንገት ረፋድ ላይ ይነሳል፣ ቁርሱንና ምሳውን ያደባልቃል። ያ የእናቴ ውርስ ቀኝ ጎኔ ላይ ተነሳ። ቤት ያለውን አይቡፕሮፌን ዋጥኩ። በማግስቱም ዋጥኩ። ያ ሲያልቅ ከአንዱ የግል መድኃኒት ቤት፣ ቀጥሎ ከሌላው ገዛሁ፤ ለምን እንደምቀያይር ልቤ ያውቃል። አንድ ዓርብ ግን እግሬ ወደ ለመድኩት መስኮት ወሰደኝ።

ሰልፈኛው አውቆኝ መንገድ ለቀቀልኝ። «ጋሼ! ይግቡ እንጂ በውስጥ!» አለች ማርታ። እዚያው መስኮቱ ጋ እንደሚሻለኝ ነግሬ የምፈልገውን ጠየቅኳት። ክኒኑን አነሳች፣ መቁጠር ጀመረች፣ እጇ ቆመ። ቀና ብላ ምስማሩ ላይ የተሰቀለውን ክር አየች፣ ቀጥሎ እኔን። በውስጧ ምን እየታገለ እንደነበር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በዚያ ቦታ ቆሜ የተሸነፍኩት እኔ ነኛ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች፣ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ። «በዚህ ወር ስንተኛዎ ነው?»

በዚያች መስኮት ጭንቅላቴን አስገብቼ ግንባሯን ብስማት ደስ ባለኝ ነበር። ዓይኔ እንባ ሞላ። ከዚያም፣ አፈር ልብላ፣ «ሁለተኛዬ ነው ልጄ» አልኳት። ክኒኑን ተቀብዬ እንደ ሌባ ወጣሁ።

በማግስቱ የሲስተር ቅዳሜ ነበር። ሰባን አልፈዋል፣ ጸጉራቸው ነጭ ሆኗል፣ ወንበራቸው በር ላይ ነው። ገና ሳልቀመጥ ማርታ እንዴት እንደጠየቀችኝ፣ እንዴት እንደተንቀጠቀጠች፣ እንዴት እንዳሸነፈች ተረኩላቸው። ሲስተር ሳቁ፤ ደስታቸው ፊታቸውን አሳመረው። «ከእኔ ወደ አንተ፣ ከአንተ ወደ እሷ» አሉ። ከዚያ ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ልጅቷን ምን ብዬ እንደመለስኩላት ጠየቁኝ።

ብርጭቆውን አንስቼ ማየት ጀመርኩ። ባዶ ነበር፤ የሚቆጠር ነገር አልነበረውም።

«ዳዊት፣ የደነዘዘው ጣቴ ነው፤ ጆሮዬ ደህና ነው» አሉኝ። «ስንተኛህ ነው?»

«አሥራ አራተኛዬ ነው ሲስተር።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እሰማ ነበር፤ ለስንቱ ሰው ራሴ ተርቼዋለሁ። ሲስተር ግን አልተረቱብኝም። በአገጫቸው ቃጫው ያለበትን ጥግ አሳዩኝ። ቆርጬ መጣሁና እግራቸው ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። እኔ ስቋጥር እሳቸው ይቆጥራሉ። ስምንት ላይ እጄ ሲዘገይ ያ ጣቱ የደነዘዘ እጃቸው ትከሻዬ ላይ አረፈ፣ ልክ በመጀመሪያው ቀን እንዳረፈው። አሥራ አራት ሲሞላ ኪሴ ውስጥ ያለውን ክኒን ተቀበሉኝ፤ ሰኞ ክሩን ለልጅቷ እንዳሳይ፣ እስከዚያ ራሴን ቢፈልጠኝም ሁለቱን ቀን እንድችለው አዘዙኝ። እሑድ ፈለጠኝ፣ ቻልኩት፤ መጋረጃውን ዘግቼ እንደ እናቴ ራሴን በሻሽ አስሬ ተኛሁ።

ሰኞ ጠዋት ቁርሴን በልቼ ሄድኩ። ሰልፈኛው እንደገና መንገድ ሊለቅልኝ ሲል እምቢ ብዬ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ቆምኩ። ተራዬ ሲደርስ ጎንበስ አልኩና ክሩን በመስኮቱ አስገባሁላት።